ጓሮ ሁለተኛ ጓዳ ነው

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ለተከበራችሁ አንባብያን የምናቀርበው ነገር ከዚሁ ምሳሌ ጋራ የሚስማማ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን የተባሉ ሁለት የአውስትራልያ ሰዎች ስለ ተክል አንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ትምህርታቸውንም ፐርማካልቸር ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም ቋሚ እርሻ ማለት ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ሰው ጓሮውን ሲያለማ የዱርን ሥርዓት ይመልከት፤ ረጅሙን ዛፍ ካጭሩ ጋራ ያጐራብት፤ የዝናሙና የእጣቢው ውኃ ሥራ ሳይሠራ ከግቢው አይውጣ፤ ከመሬት የመጣው ትራፊም ተመልሶ ወደ መሬት ይግባ። ይህ ትምህርት ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል፤ ለመማርም ገንዘብ ይከፈልበታል።

ነገር ግን ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ወጥቶ ጨንቻ የደረሰ ሰው፥ መጽሐፍ ሳይገልጥ ይህንኑ ትምህርት በዓይኑ ያየዋል። በጋሞ ደጋ ቤቱ በእንሰት የተከበበ ነው። ከብቱ ከቤት ስለሚያድር እመቤቲቱ ጧት ጧት ፍጉን ካመዱና ከቤቱ ጥራጊ ጋራ አውጥታ ከእንሰቱ ሥር ታፈሳለች። ከደጃፉ አጠገብ ጐመኑና ቅመሙ፥ ከዚያ ቀጥሎ እንሰቱ፥ ከዚያም ወዲያ ገብሱና ስንዴው፥ ከሁሉ ርቆ የግጦሹ ሣር ይገኛል። ዕለት ዕለት እጅ የሚፈልገው ተክል ቅርብ፥ በዓመት አንድ ጊዜ የሚታጨደው ሩቅ መሆኑ ነው። ዶርዜዎች ረጅሙን ቤታቸውን የሚሠሩበት ቀርከሃም ከዚያው ከሰፈራቸው ይቈረጣል።

እንሰት ለምግብ እስኪደርስ አራትም ሰባትም ዓመት ይፈጃል። ሊቃውንት እንደሚሉት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ የእንሰት እግር አምስት ወይም ስድስት ነፍስ ያለውን ቤተ ሰብ ለዓመት ይመግባል። እንግዲህ ዘንድሮ ሕፃኑ የሚበላው ቆጮ፥ እናቱ እርሱን ሳትወልድ የተከለችው ነው። እርሷም ዘንድሮ የምትተክለው ገና ላልተወለደው ነው። በአንድ ጓሮ ብዙ ዓይነት እንሰት መትከላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ለቆጮ፥ አንዱ ለአሚቾ፥ አንዱ ለቃጫ ይመረጣልና።

አሁን ወደ ከተማው እንውረድ። የጋሞ ሰው ለሽመናም ለትምህርትም ከደጋው እየወረደ ወደ አርባ ምንጭ ወይም እስከ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ መሄዱ የታወቀ ነው። የእናቲቱ ሙያ ግን አብሮ አልወረደም። በከተማው ቤት ጐመን ከገበያ ይገዛል፤ ልጣጩና አመዱ ከመንገድ ቦይ ይጣላል፤ እጣቢው ይከተለዋል፤ ክረምት ሲገባ ጐርፉ ይህን ሁሉ ካፈሩ ጋራ ጠርጎ ወደ ሐይቅ ይወስደዋል። የዓባያ ሐይቅ ውኃ የቀላው ወንዞች ያመጡት ደለል ስለሚንሳፈፍበት ነው። ለምግብ የሚሆነው አፈር ወደዚያ ሲሄድ እያየን ከገበያ ጐመን መግዛታችን ያሳዝናል።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት አገር ስለ ሆነ ደገኛው እንሰት ለዚያ አይስማማም፤ ሥርዓቱ ግን ይስማማል። ጕዳዩን ለማቅለል ለእመቤቶች ሦስት ነገር እንመክራለን።

አንደኛ፤ ከግቢው ጥግ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ጥልቀት ያለው ክብ ጕድጓድ ይቈፈር፤ ቅጠል፥ ገለባና የወጥ ቤት ልጣጭ እየተጨመረበት ይሙላ፤ በዙሪያውም አራት ወይም አምስት የሙዝ ችግኝ ይተከል። የእቃው እጣቢ በትንሽ ቦይ ወደዚያ ይመራ። ሙዙ ብስባሹን ይመገባል፤ ውኃውን ይጠጣል። ጕድጓዱ ሁልጊዜ በገለባ የተሸፈነ እንዲሆን አደራ እንላለን፤ በቈላ አገር ተጋልጦ የቆመ ውኃ የወባ ትንኝን ይወልዳልና። በረኪና ያለበትም እጣቢ አይፍሰስበት።

ሁለተኛ፤ በአማርኛ ሺፈራው በዚያ አገር ሃለኮ የሚባለው ዛፍ ከአጥሩ ዳር ይተከል። ጐመን በሚጠፋበት በበጋ ቅጠሉ አይጠፋም። የአርባ ምንጭና የኮንሶ ሰዎች ከበቆሎ ጋራ አብስለው ኵርኵፋ አድርገው ይበሉታል፤ ለልጆች ሰውነትም ጠቃሚ ነው። ከጥላው በታች ጐመንና ቃሪያ ይበቅላል።

ሦስተኛ፤ ጥቂት ዶሮ ይረባ። ትራፊውን ትለቅማለች፤ እንቁላሏን ለልጆች፥ ኩሷን ለብስባሹ ትሰጣለች። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት ሥራ በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው ወተት፥ እንቁላል፥ የዶሮ ሥጋና ማር በየቤቱ እንዲበዛ ታስቦ ነው። ዶሮ ያለው ቤት ጓሮም ካለው ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።

በሹመት ላይ ላላችሁም አንድ ቃል አለን። የከተማ ቦታ ሲመራ ለጓሮ የሚሆን ጥቂት መሬት ይታሰብ፤ የመሥሪያ ቤትና የተማሪ ቤት ግቢም በድንጋይ ንጣፍ ብቻ አይሸፈን። በኩባ አገር በ1984 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት በፈረሰ ጊዜ ከዚያ ይመጣ የነበረው ነዳጅና ማዳበሪያ ተቋርጦ ብርቱ ችግር ሆነ። የዋና ከተማው የሐቫና ሕዝብ ግን ባዶ የቆመውን ቦታ ሁሉ አትክልት እየተከለ ምግቡን አገዘ። እነርሱ ይህን የጀመሩት ችግር ካገኛቸው በኋላ ነው። እኛ ግን ጥበቡ ከቤታችን ሳለ ችግር እስኪያስተምረን ለምን እንጠብቃለን?

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ቀረን። ለቆጮ የሚሆነው እንሰት የትኛው እንደ ሆነ፥ ለአሚቾስ የትኛው እንደሚመረጥ፥ ችግኙ በየትኛው ወር እንደሚዛወር የምታውቀው አያት ናት፤ እውቀቷም በወረቀት አልተጻፈም። ልጇ ከተማ ስለ ገባች አልተማረችውም፤ የልጅ ልጇም ስሙን እንኳ አልሰማችም። በአንድ ቤት ሁለት ትውልድ ከዘለለ በዚያ ቤት የሚያስተምር አይገኝም። ስለዚህ ለበዓል ወደ አገራችሁ ስትወጡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከአያታቸው ጓሮ አግቡአቸው፤ እርሷ ስትተክል ይያዙላት፤ የነገረቻቸውንም በደብተር ይጻፉ። ስትመለሱም ከጓሮዋ አንድ የቅመም ችግኝ ለምናችሁ ከከተማው ቤታችሁ ደጃፍ ትከሉ። በየሳምንቱ የሚጣለው ልጣጭ ከዚያ ሥር ይግባ፤ ቤታችሁም ሁለተኛ ጓዳ ያገኛል።