ባስ ሲመታ የሚፈዘው መብራት

መኪናዎ ላይ ሱብዉፈር አስገጥመዋል? እንግዲያው ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርጉ። መኪናውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያቁሙ፤ ሞተሩን ሳያጠፉ የፊት መብራቱን ያብሩ፤ ሙዚቃውንም ዘወትር በሚሰሙት መጠን ይክፈቱ። ባሱ በመታ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ፈዘዝ ብሎ መልሶ ቦግ ይላል? የሚል ከሆነ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

ይህን መፍዘዝ ብዙ ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ የጉልበት ማሳያ አድርጎ የሚኮራበትም አለ። የሚነግረን ግን መኪናው ሊያመነጭ ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ እየተጠየቀ መሆኑን ነው። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ደግሞ ከባትሪው ተነሥቶ በምንጣፍ ሥር ወደ ኋላ፣ ሱብዉፈሩን ወደሚያንቀሳቅሰው አምፕሊፋየር፣ በሚሄድ አንድ ሽቦ ነው። ሽቦውን ከተገጠመበት ቀን ወዲህ አይተውት ያውቃሉ?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የአምፕሊፋየሩ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈውን የዋት ቁጥር ይተዉት፤ እሱ ለገበያ ነው። አምፕሊፋየሩ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚናገረው «አር ኤም ኤስ» የሚለው ቁጥር ነው። በእርግጥ 1,000 ዋት አር ኤም ኤስ የሚሰጥ ክላስ ዲ አምፕሊፋየር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 80 በመቶ ያህሉን ወደ ዉፈሩ ይልካል፤ ስለዚህ የሚስበው 1,250 ዋት ነው። ይህን ለ13.8 ቮልት ሲያካፍሉት 90 አምፔር ይመጣል። ብዙ ኃይል በሙቀት የሚያባክነው ክላስ ኤቢ ከሆነማ ወደ 145 አምፔር ይጠጋል። የትንሽ የቤት መኪና ዲናሞ ግን ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 አምፔር ቢሰጥ ነው፤ ከዚያም ላይ መብራቱ፣ የነዳጅ ፓምፑና ሞተሩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። እርግጥ ሙዚቃ ሁልጊዜ ከፍተኛው ላይ አይቆይም። መስመሩ ግን ለከፍተኛው መዘጋጀት አለበት።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ላያቸው መዳብ፣ ውስጣቸው አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ ነጭ ብረት ከወጣ እሱ ነው። 5 ሜትር ርዝመትና 10 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እንዲህ ዓይነት ሽቦ 90 አምፔር ሲያልፍበት ከ100 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። ልጆችዎ ከሚቀመጡበት ወንበር ሥር፣ በምንጣፍ የታፈነ የ100 ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ማለት ነው።

የባሰውን ልንገርዎ። ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ከሌለ፣ የኮብልስቶኑ ንዝረት ላስቲኩን ቀስ በቀስ በብረቱ ያስበላዋል። አንድ ቀን ባዶው መዳብ ከቦዲው ጋር ይገናኛል። ያን ጊዜ ባትሪው ያለውን ሁሉ፣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር፣ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ሽቦው ይግላል፣ ምንጣፉ ይያያዛል። ቁልፉን ቢነቅሉ አይቆምም፤ መስመሩ በቀጥታ ከባትሪው የመጣ ነውና። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝም አያድንዎትም። እሱ ያለው በሽቦው መጨረሻ ነው፤ እሳቱ የሚነሣው ከእሱ በፊት ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ኮፈኑን ይክፈቱ። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሣውን የአምፕሊፋየር ሽቦ በዓይንዎ ይከተሉ፤ በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ፊውዝ ሊያገኙ ይገባል። ከሌለ፣ ወይም እየተቃጠለ ስላስቸገረ በሽቦ ክር ተጠምዝዞ ከታለፈ፣ መኪናውን እንዲህ አያሽከርክሩት። የፊውዙ መጠን የሚወሰነው ሽቦው በሚችለው ነው። ከላይ ላሰላነው 90 አምፔር 25 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ መዳብና 100 አምፔር ፊውዝ ያስገጥሙ። የኔጋቲቩም ሽቦ በዚያው ውፍረት፣ አጭር ሆኖ፣ ቀለሙ ተፍቆ በተራቆተ ብረት ላይ በብሎን ይጥበቅ። ባለሙያው ወለሉን ከመብሳቱ በፊት ከሥሩ የነዳጅ ታንከር አለመኖሩን አብረው ይዩ። ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚፈታው የባትሪው ኔጋቲቭ ነው።

ገና ሊገዙ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ለትንሽ መኪና 400 ዋት አር ኤም ኤስ ክላስ ዲ በቂ ነው እላለሁ፤ 36 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ዲናሞው ይችለዋል። ሁለት ባለ 4 ኦም ዉፈሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ 2 ኦም እንደሚችል ሳያረጋግጡ አያገናኙ። «ተጨማሪ ባትሪ ይጫን» ቢሉዎት፣ ባትሪ ያጠራቅማል እንጂ እንደማያመነጭ ያስታውሱ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከሉ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው ሊሆን ይችላል። እሱ ዲናሞ የለውም፤ የ12 ቮልቱን መስመር የሚመግበው የትልቁን ባትሪ ቮልቴጅ የሚቀንስ መቀየሪያ ነው፤ አቅሙም ውስን ነው። ብርቱካናማዎቹ ኬብሎች ደግሞ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ስለሚሸከሙ ማንም ለሙዚቃ ብሎ አጠገባቸው እንዳይበሳ።

ባለሙያ እስኪያገኙ ድረስ የአምፕሊፋየሩን ሽቦ ከባትሪው ላይ አስፈትተው ጫፉን በፕላስተር ያስጠቅልሉ። ሙዚቃው በበሮቹ ስፒከሮች ይቀጥላል።