ስንት ወጣባት ሳይሆን ስንት ቀን ቆመች?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሶማሌ ተራ ብቅ ያለ ሰው አንድ የተለመደ ትርኢት አያጣም፤ በዘይት የተነከረ የመኪና ዕቃ በላስቲክ ጠቅልሎ ከሱቅ ሱቅ የሚዞር ባለመኪና። "የዚህ አለ?" ይላል። "የለም፤ ወደ ታች ጠይቅ" ይሉታል። ይህ ሰው እዚህ ሲዞር አንድ ጋራዥ ውስጥ ሆዷ ተፈትቶ የቆመች ሚኒቫን አለችው። ዕቃ ያልደረሳቸው ደንበኞች አሉት። መኪናዋ ብትቆምም ደመወዙ የማይቆም ሹፌር አለው። የባንክ ወለዱም እንደዚሁ ቅዳሜና እሁድ አያርፍም።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ አይቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳሙናና ዲተርጀንት ለሰፈር ሱቆች አከፋፍል በነበረበት ጊዜ አንድ ደላላ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ ሚኒቫን አመጣልኝ። ዋጋዋ ከገበያው በ60 ሺህ ብር ያንስ ነበር። ጠዋት አይቼ ከሰዓት ተዋዋልኩ። በሦስተኛው ወር ካምቢዮዋ ተበላሸ። የሚተካው ዕቃ ጠፍቶ ለ26 ቀናት ጋራዥ ተቀመጠች። በዚያ መካከል አራት ሱቆች ከሌላ አከፋፋይ መውሰድ ጀመሩ፤ ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልተመለሱም። አተረፍኩ ያልኩት 60 ሺህ ብር የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ለቀላል ጭነት ማመላለሻ ሚኒቫን የሚፈልግ ነጋዴ ዛሬም የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ስንት ትላለህ?" የሚለው ነው። በእኔ እምነት ጥያቄው ትክክል ቢሆንም ቦታው መጀመሪያ አይደለም። አስተማማኝ መኪና ማለት በወር ውስጥ ብዙ ቀን የምትሠራ መኪና ማለት ነው። ለምሳሌ በቀን የተጣራ 2 ሺህ ብር የምታስገባ ሚኒቫን ለ20 ቀን ብትቆም 40 ሺህ ብር ሄደ፤ የሹፌሩ ደመወዝና የሄደው ደንበኛ ሳይቆጠር ማለት ነው። ስለዚህ የመግዣ ዋጋዋ ላይ የምትቆምበትን ቀን ደምሮ ያላሰላ ገዢ ሂሳቡን ግማሽ መንገድ ላይ ትቶታል።

መጀመሪያ ጭነቱ ይመዘን

ለመሆኑ ስንቶቻችን የምንጭነውን ዕቃ መዝነን እናውቃለን? ባለ 1 ሊትር ውሃ 12 ጠርሙስ አንድ እሽግ 12 ኪሎ ነው። 60 እሽግ የሚያወርድ አከፋፋይ ከ7 ኩንታል በላይ ጫነ ማለት ነው። ዳማስን የመሳሰሉ ትናንሽ ሚኒቫኖች ግን የተሠሩት ለ5 ኩንታል ገደማ ነው። "ትችላለች፣ ሞክራት" የሚለው ባለቤት እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ትችላለች፣ ግን ለስንት ወር? ባሌስትራው፣ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ቀድመው የሚያልቁት እዚህ ላይ ነው። በአንጻሩ ዳቦ፣ ብስኩት ወይም የሽንት ቤት ወረቀት የሚያከፋፍል ሰው ቦታ እንጂ ጉልበት አያስፈልገውም። ለእሱ አንድ ቶን ገደማ የምትችለውን ሃይኤስ መግዛት ለማይጫን ጭነት ነዳጅ ማቃጠል ነው።

ከዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ ያላነሰውን እዚህ ያጣል። ስለዚህ ሚኒቫን የሚፈተነው ባዶውን ቦሌ መንገድ ላይ በመንዳት አይደለም። የዘወትር ጭነትዎን ጭነው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ይንዷት። ሻጩ "ጭነት አይጫንባትም" ካለ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

የአምስት ዕቃ ፈተና

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ሰዓት መድበው ሶማሌ ተራ ይውረዱ። የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የፍሬን ሸራ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቺንጋና የፊት ሾክ አብዞርበር፤ የእነዚህን የአምስት ዕቃዎች ዋጋ ለመረጧት መኪና ይጠይቁ። አምስቱንም ከሁለትና ከሦስት ሱቅ ካገኙ መኪናዋ ከኋላዋ ዘመድ አላት። ሦስቱን አጥተው "በትዕዛዝ ይመጣል" ከተባሉ ግን የቱንም ያህል ብትረክስ ውድ ናት። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ በትዕዛዝ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ሲታዘዝና ሲደርስ አንድ ላይሆን ይችላል።

ዶልፊንም ሆነ አባዱላ የምንላቸው የቶዮታ ሃይኤስ ዓይነቶች ዋጋቸው የማይወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተራቸው ስለማይበላሽ አይደለም። ሲበላሽ የሚፈታው መካኒክ በየሰፈሩ፣ ዕቃው በየመደርደሪያው ስላለ ነው። የህንዱ ሱዙኪ ኢኮ ባለ 1.2 ሊትር ሞተር ሆኖ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ለመካከለኛ ጭነት ይበቃል። ጎማው ትንሽ በመሆኑ ግን የተበላሸ ኮብልስቶን መንገድ የሚበዛበት ሰው ይህን ያስብበት።

ያገለገለች መኪና ታሪኳ ይጠና። ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ ያስነሷት፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላች ነው፤ ሳይቋረጥ የሚወጣ ነጭ ጭስ የቴስታታ ችግር ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። የተበየደ ሻንሲና በኋላ የተደረበ ባሌስትራ ከአቅም በላይ ስትጭን እንደኖረች ይመሰክራሉ። ወንበሯ ተነቅሎ ወደ ጭነት የዞረች የቀድሞ ታክሲም አለች፤ የኪሎሜትር ቆጣሪዋን አይመኑ፤ የፍሬን ፔዳሏን ጎማና የሹፌሩን በር ማጠፊያ ይመልከቱ። ዕዳና እግድ አለመኖሩም በቃል ሳይሆን ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት ይጣራ።

ኤሌክትሪኩስ?

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የገዢው ዓይን ወደ ቻይና የኤሌክትሪክ ሚኒቫኖች ዞሯል። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳቱም ይህን አፋጥኖታል። እኔ ከሚፈሩት ወገን አይደለሁም። ኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አያደክመውም፤ ፍሪሲዮንና የሞተር ዘይት የለውም፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበት መልሶ ባትሪውን ይሞላል። መስመሩ የታወቀ፣ ማታ መኪናውን አጥሩ ውስጥ አቁሞ ቻርጅ የሚያደርግ አከፋፋይ ተጠቃሚ ነው።

ሆኖም የአምስቱ ዕቃ ፈተና እዚህም ይሠራል፤ ዕቃዎቹ ብቻ ይለያያሉ። ቻርጀሩ ቢቃጠል ማን ይሸጣል? የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመት፣ ስንት ኪሎሜትር ነው? ዋስትናውን የሚያከብረው አገር ውስጥ ያለ የተመዘገበ ድርጅት ነው ወይስ ካመጣት በኋላ ስልኩን የሚዘጋ አስመጪ? ባትሪ የመኪናዋ ትልቁ ዋጋ ስለሆነ በጽሑፍ ያልተሰጠ ዋስትና እንደሌለ ይቆጠር። በአንድ ቻርጅ ትሄዳለች ከተባለው ርቀትም ለጭነቱና ለዳገቱ ሲሶውን ቀንሰው ያስሉ፤ በቀረው የቀን መስመርዎን ጨርሰው ካልተመለሱ አትሆንዎትም። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ምን እንደሚያደርጉም ቀድሞ ይታሰብ።

በመጨረሻ ለደላሎቻችን አንድ ቃል። ከባድ መኪኖች በአዲስ አበባ በቀን እንዳይንቀሳቀሱ በ2011 ዓ.ም. ገደብ ከተጣለ ወዲህ የትናንሽ ጭነት መኪና ፈላጊ በዝቷል፤ ሥራው የእናንተ ነው። ዛሬ ጉድለቷን ደብቃችሁ የሸጣችኋት ሚኒቫን ኮሚሽን የምታስገኘው አንድ ጊዜ ነው። "ይህች ለአንተ ጭነት አትሆንም፤ ካምቢዮዋም ይታይ" ብላችሁ የመለሳችሁት ነጋዴ ግን ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን መኪና ሲገዛ የሚደውለው ለእናንተ ነው። እኔ ያንን ደላላ ዳግመኛ አልደወልኩለትም። ከዚያ በኋላ ሁለት መኪና ገዝቻለሁ።