ፓስፖርት ዕድሜው ሳያልቅ ከጉዞ የሚያስቀረው መቼ ነው?

ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚያቀና ወጣት፣ ፓስፖርቱን እጁ ካስገባ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ቀኑን አስልቶ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

በፓስፖርት ላይ የሚሰፍረው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «2027» የሚለውን ያነበበ ቤተሰብ ገና ብዙ ዓመት አለው ብሎ ቢዘናጋ አያስገርምም። ዕድሜው ማርች 10 ቀን 2027 የሚያበቃ ፓስፖርት በእኛ የሚያበቃው መጋቢት 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሳዑዲ ዓረቢያንና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችን ጨምሮ በርካታ አገሮች ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ይጠይቃሉ። እንግዲህ ይህ ሰነድ ወደ እነርሱ የሚያስገባው እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ብቻ ነው፤ እንቁጣጣሽን እንኳ አይሻገርም። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ቢያሳፍር የመመለሻው ወጪ የሚወድቀው በአየር መንገዱ ላይ ስለሆነ፣ ተጓዡ ገና ከቦሌ ሊመለስ ይችላል።

የስም ጉዳይም አለ። በአማርኛ አንድ የሆነ ስም በላቲን ፊደል በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በትምህርት ማስረጃውና በፓስፖርቱ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጠው ግን በፓስፖርቱ አጻጻፍ ነው።

መደበኛው የፓስፖርት ክፍያ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር አድጓል። በግ ሸጦ ልጁን ለሚልክ የመንዝ ገበሬ፣ ከመንገዱ ወጪ ጋር ሁለተኛ መመላለስ ከባድ ነው። የልደት ምዝገባ የሚከናወነው በቀበሌ በመሆኑ፣ የስሙ ልዩነት ፓስፖርት ከመጠየቁ በፊት ከታየ ማስተካከያው የሚጀምረው እዚያው በቅርብ ነው።