ሊፕስቲኩን ተዉት፣ ክሬሙን እዩት

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሴት ተማሪዎቻችን ትምህርት ቤት ሳይሆን ሠርግ ቤት የሚሄዱ ነው የሚመስሉት» ብሎ ለጥፎ ላይክ ዘንቦለታል። ላይክ ካደረጉት አንዱ እኔ ነበርኩ። አሁን አንስቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ዓመት ነው። ሁለተኛ ፔሬድ፣ 11ኛ ክፍል። አንዲት ተማሪ ፋውንዴሽን ተለቅልቃ ገባች። ከፊቷ ሁለት ደረጃ የነጣ፣ አንገቷ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዓይነት። «ውጪና ታጥበሽ ነይ» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ፈገግ ብያለሁ። ታጥባ ስትመለስ ግን የሳቀ የለም። ጉንጮቿ ቀልተው ተልጠዋል፣ አገጯ ላይ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች ወጥተዋል። ዴስኩ ላይ ተደፍታ ቀረች።

ለካስ ፋውንዴሽኑን የቀባችው ለመሸፈን ነው። ያቃጠላት ሌላ ነገር ነው፦ ሰፈሯ ካለ ኮስሞቲክስ ቤት የገዛችው፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው ትንሽ ነጭ ዕቃ ውስጥ የተቀላቀለ ክሬም። ሻጯ «ያጠራሻል» ብላታለች። የአክስቷ ልጅ ሠርግ ደርሶ ነበር፤ «ቀይ ሆኜ ልድረስ» ብላ ነው። (ይህን የምጽፈው እሷንም እናቷንም አስፈቅጄ ነው። ማን ናት ብላችሁ ኢንቦክስ አትጠይቁኝ።)

እኔ ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። ሜርኩሪ አቶሚክ ቁጥሩ 80 እንደሆነ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ተማሪዬ ፊቷ ላይ ምን እንደምትቀባ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

እስኪ አሁን ልጠይቅ፤ «ያጠራል» የሚባለው ክሬም ውስጥ ምን አለ? አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ወይም ቅልቅላቸው ነው። አንደኛው ሃይድሮኪኖን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ክሬሞች አስወጥቶታል፤ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ከልክላዋለች። ሁለተኛው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ይህ ሐኪም ለተወሰነ ቀን፣ ለተወሰነ የቆዳ በሽታ የሚያዘው መድኃኒት ነው። በየቀኑ ፊት ላይ ሲቀባ መጀመሪያ ቆዳውን ያሳምረዋል፣ ከዚያ ያሳሳዋል። ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ ከበፊቱ ብሶ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ልጅቷ «ክሬሙ ተስማምቶኝ ነበር ማለት ነው» ብላ ተመልሳ ትቀባለች። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፤ ከቀቢዋ አልፎ እቤት ያለውን ሕፃን ሊደርስ ይችላል። ስሙን በሜርኩሪ ከተመረዘችው የጃፓን ከተማ የወሰደው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን ከአንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸውን ክሬሞች ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ ከልክሏል፤ በኋላ ደግሞ ያቺን አንድ እጅም አንስቷታል።

እኛ አገርስ? ሕግ አለን። በአዋጅ 1112/2011 መሠረት የውበት መጠበቂያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በጥቅምት 2015 ደግሞ መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃ በባንክ ዶላር እንዳይገባ ሲያግድ የውበት መጠበቂያም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ከመገናኛ እስከ አያት ያሉት ሱቆች ባዶ ሆኑ? እኔ ባዶ መደርደሪያ አላየሁም። ዕቃው በሻንጣ መጣ። በሻንጣ የመጣን ክሬም ደግሞ ማን ይመረምረዋል? እገዳው በሐምሌ 2016 ተነሳ፤ ሻንጣው ግን ልማዱን አልተወም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በሱቅ መስኮት መብራት በርቶለት እየተሸጠ፣ እኛ አስተማሪዎቹ ጠዋት በር ላይ ቆመን ምን እንይዛለን? ሊፕ ግሎስ! እርጥብ ጨርቅ ይዘን። አንድ ጨርቅ፣ አርባ ፊት። ዓይን ማዝ በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት ባዮሎጂ የሚያስተምረው ጓደኛችን ያስረዳል፤ ጨርቁንም የሚይዘው እሱ ነው።

ወንዶቹንስ? ቦሌ ፀጉር ቤት ገብታችሁ እዩ። ግንባራቸውን በስክሪብቶ የተሰመረ አስመስለው፣ ፂማቸውን ጥቁር ቀለም አስነክረው ይወጣሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተቀብቼ ሳምንት ሙሉ የተኮሰ ምጣድ መስዬ ነበር። በር ላይ ያስቆመኝ አልነበረም።

«ትምህርት ቤት የፋሽን ቦታ አይደለም» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እስማማለሁ። ክፍል ውስጥ ሜካፕ ይከልከል የሚል ደንብ ካለ ደንብ ነው፣ ይከበር። ልጅቷን ጠርቶ ለብቻዋ መንገር ይቻላል። የማልስማማው ሌላ ነው፦ መኳኳልን እንደ ነውር ቆጥረን ዝም ስላልን ልጆቹ መኳኳል አልተዉም፤ ከሻጭና ከቲክቶክ ተማሩት እንጂ። ቲክቶክ ላይ አንዷ አሥራ ሁለት ነገር በላይ በላዩ ስትቀባ ያያሉ። ሻጯ ደግሞ ያላትን ነው የምትሸጠው፤ ያላት ፋውንዴሽን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለጠይም ፊት የሚሆን አይደለም። ሊያ ከበደ፣ አዲስ አበባ የተወለደች ልጅ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የኤስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ገጽታ ሆናለች። ያን ዓይነት ፊት ይዛ ቦሌ ሱቅ ብትገባ «ትንሽ ከፈት ያለውን ልስጥሽ?» የሚሏት ይመስለኛል።

ታላቅ እህቴ ገርጂ ውበት ሳሎን ነው የምትሠራው። ያን ቀን አመሻሽ ሄጄ «አንዲት ጀማሪ ልጅ ምን ይበቃታል?» አልኳት። ሳቀችብኝና ነገረችኝ። ለሴት ልጆቻችሁ ንገሯቸው፦

ፊትን በሚለሰልስ ነገር መታጠብ፤ በልብስ ሳሙና አይደለም። የሚያወዛ ቅባት፣ ከዚያ ቀን ቀን ሰንስክሪን። «ጥቁር ቆዳ ምን ያደርግለታል?» አትበሉ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀልድ አይደለችም። ቅንድብ ማበጠር። ኩል፣ ትንሽ ማስካራ፣ ከከንፈር ቀለም ብዙ የማይርቅ ሊፕስቲክ። በቃ! እህቴ «አምስት ደቂቃ፣ ታክሲ ሳይሞላ ያልቃል» ነው ያለችው። ፋውንዴሽን ለጀማሪ የግድ አይደለም። ከተገዛም እጅ ላይ ሳይሆን መንጋጋ ላይ ቀብቶ፣ ከሱቁ ወጥቶ በቀን ብርሃን ማየት። የሱቅ አምፖል ይዋሻል። አንገት ላይ መስመር ከታየ ያ ቀለም የእሷ አይደለም።

ኩልና ማስካራ ከጓደኛ ጋር አይዋዋሱም። ማስካራ ከተከፈተ ሦስት ወር ካለፈው ይጣል። ጽሑፍ የሌለው የኩል ዱቄት ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እናቶቻችን ስለተኳሉት ብቻ ንጹሕ ነው አይባልም። ማታ ሁሉም ታጥቦ ይተኛል።

የሜካፕና የክሬሙ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ሜካፕ ማታ ይታጠባል። ያ ነጭ ዕቃ ውስጥ ያለው ግን አይታጠብም። እኛ ደግሞ የሚታጠበውን እየቀጣን የማይታጠበውን እናደንቃለን። አዎ፣ እናደንቃለን! «ውይ ቀልተሻል፣ አምሮብሻል» የሚላት ማን ነው? አክስት ናት፣ ጎረቤት ናት፣ የክፍሉ ወንዶች ናቸው፣ «ቀዩዋ ተነሺ መልሺ» የሚለው አስተማሪም አለበት። እኔም ብዬ አውቃለሁ።

ልጅቷ አሁን ደህና ናት። ከእናቷ ጋር ከአያት ዘነበወርቅ ድረስ በሦስት ታክሲ አለርት ሆስፒታል ተመላልሳለች። ጊዜ ወሰደ፣ ግን ፊቷ ተመልሷል። ክሬሙን የሸጠችላት ሱቅ እስከ ዛሬ ክፍት ናት። እንዲህ ዓይነት ነገር እየተቀባ ያለ ልጅ ካላችሁ አትጩኹበት፤ ዕቃውን አስይዛችሁ ወደ ቆዳ ሐኪም ውሰዱት። ዕቃውን አትጣሉ፣ ሐኪሙ ማየት አለበት።

ከድሮ ተማሪዎቼ ውስጥ ሜካፕ የምትሠሩ፣ ፋርማሲ የምትሠሩ፣ ቆዳ ሕክምና የገባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለሥርዓተ ፆታ ክበባችን አንድ ከሰዓት ስጡን። ሻይ በእኔ፣ ከደመወዝ ቀን በኋላ ከሆነ ሳምቡሳም አለ። ወንዶቹ ተማሪዎችም ይገባሉ።

ሰኞ የበር ተረኛ እኔ ነኝ። ጨርቁን ወስጄዋለሁ፣ እንዳትፈልጉት።