ረቡዕና ዓርብ ምን አለ?

እናቴ ሐኪም ፊት ስትቀርብ መልሷ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» እዚህ ዩኒየን ሲቲ አብራኝ መኖር ከጀመረች ወዲህ ወደ ቀጠሮዋ የምወስዳት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ ግን «ዞረብኝ» ብላ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም አይቻለሁ። ሐኪሟ «መቼ መቼ ነው የሚያዞራት?» ብላ ስትጠይቀኝ «አልፎ አልፎ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት የሕመም ምልክት የሚመዘገብበት ድረ ገጽ በስልኬ መጠቀም ጀመርኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ማታ ማታ እማዬን ጠይቄ የማዞሩን መጠን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እሞላለሁ፤ የደም ግፊቷንና ክኒን የወሰደችበትን ሰዓትም እጨምራለሁ። ድረ ገጹ ቁጥሮቹን በየቀናቸው አገናኝቶ መስመር ይሠራል። የአንዱን ሳምንት ወይም የወሩን ለይቶ ማየት፣ የማዞሩን መስመር ከደም ግፊቱ ጋር ደርቦ ማወዳደር ይቻላል። አንዱን ነጥብ ሲነኩት የዚያ ቀን ማስታወሻ ይከፈታል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ግራፉን ለሐኪሟ አሳየኋት። ትንሽ አየችውና «ረቡዕና ዓርብ ምን አለ?» አለች። እኔና እማዬ ተያየን። ጾም ነዋ! ጠዋት ክኒኗን በአንድ ጉንጭ ውኃ ትውጥና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አትቀምስም።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጄ፣ ጾም ይነገራል እንዴ?»

ሐኪሟ የክኒኑን ሰዓት አስተካከለችላት። የንስሐ አባቷም ስንደውልላቸው እስኪሻላት ቁርሷን እንድትበላ ፈቀዱላት። ማዞሩ ቀነሰ።

ይህ የእኛ ቤት ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በኒው ዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ዶክተር ኢታን ባሽና ባልደረቦቻቸው ካንሰር የተሠራጨባቸውን 766 ታካሚዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አሳትመዋል። አንደኛው ቡድን ምልክቶቹን በድረ ገጽ ይመዘግብ ነበር፤ ሕመሙ ሲብስ ለነርሶች መልእክት ይደርሳቸዋል። የዚህ ቡድን ታካሚዎች በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 31.2 ወር ሲሆን፣ በተለመደው መንገድ ክትትል የተደረገላቸው ግን 26 ወር ነበር። ሕመሙ በጊዜ መታወቁ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ለወላጆቻችሁ መመዝገብ ከፈለጋችሁ በሁለት ወይም በሦስት ምልክት ጀምሩ፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ሙሉት። «ደህና ነሽ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ስትነሺ አዞረሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጾምን፣ እንቅልፍን፣ የተዘለለ ክኒንንም ጻፉ። ሆስፒታላችሁ የራሱ ድረ ገጽ ካለው እሱን አስቀድሙ፤ ከሌላ ቦታ የምታወርዱት መተግበሪያ መረጃችሁን ለማን እንደሚሰጥ አንብቡ። ግራፉን አይታችሁ በራሳችሁ መድኃኒት አታቋርጡ፤ ለሐኪም አሳዩት። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን መመዝገቡን ትታችሁ ወዲያውኑ 911 ደውሉ።