የአድራሻ ጉድለት እንጂ የአእምሮ ዓይነት አይደለም

ሕዝቦችን «ተንታኝ» (ነገሩን ነጥሎ የሚያይ) እና «ጥቅል አሳቢ» (ነገሩን ከአካባቢው ጋር የሚያይ) ብሎ ለሁለት የሚከፍለው ሐሳብ በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2001፣ ታካሂኮ ማሱዳና ኒስቤት የዓሣ ተንቀሳቃሽ ምስል ለጃፓናውያንና ለአሜሪካውያን ተማሪዎች አሳይተው ነበር፤ ጃፓናውያኑ ከአሜሪካውያኑ ይልቅ ስለ ውሃው፣ ስለ ዕፅዋቱና ስለ ድንጋዩ አብዝተው ተናገሩ። ሙከራው የሁለት አገር ተማሪዎችን ይመለከታል። ኢትዮጵያዊውን ሳይፈትኑ ከጃፓናዊው ጎን አሰልፎ «የእኛ ሰው የሚያስበው በጥቅሉ ነው» ማለት ስንፍና ነው።

ለዚህ አባባል ቶሎ የሚመዘዘው ማስረጃ በቦሌ አቅጣጫ የሚነገርበት መንገድ ነው፦ ከኤድና ሞል ጀርባ፣ መድኃኔዓለምን አለፍ ብሎ፣ ገርጂ ሳይደርስ። የቦሌ ዋና ጎዳና አፍሪካ የሚል ስም ቢኖረውም ሰው የሚያውቀው ቦሌ መንገድ ብሎ ነው። የራይድ ታክሲ ሹፌርም ካርታው ፊቱ እያለ ደውሎ «የት ጋር ነዎት? አጠገቡ ምን አለ?» ይላል። ምክንያቱ ግን አእምሮ ውስጥ አይደለም። የከተማዋ ነባር ቤቶች ቁጥር የወጣላቸው በቀበሌ እንጂ በመንገድ ተራ ስላልሆነ፣ ቁጥሩን ብቻ የያዘ እንግዳ ቤቱን አያገኘውም። ምልክት መጥቀስ ለዚህ ችግር የተገኘ ትክክለኛ መላ ነው።

ሰሚት ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ብሎኮቹ ቁጥር አላቸው፤ ነዋሪው እንግዳውን የሚመራው በብሎክና በቤት ቁጥር ነው። በቦሌ ሕንፃዎችም ቢሮ የሚነገረው በፎቅና በቁጥር ነው። ያው ሰው በአንድ የስልክ ጥሪ እስከ ሕንፃው በር በምልክት፣ ከበሩ ወዲያ በቁጥር ይመራል። ዘይቤው በባህል የተቀረጸ ቋሚ የአእምሮ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ በር ላይ ባልተቀየረ ነበር።

ኒስቤት ራሱም ከዩሪ ሚያሞቶና ከማሱዳ ጋር በ2006 ባወጣው ጥናት ወደዚህ ሐሳብ ተጠግቷል። የጃፓን ከተሞችን ፎቶ ያዩ ሰዎች፣ ጃፓናዊም ሆኑ አሜሪካዊ፣ የአሜሪካን ከተሞች ካዩት ይልቅ በኋላ በቀረበላቸው ምስል ዳራ ላይ የመጣውን ለውጥ አብዝተው አስተዋሉ። ዓይንን የመራው የሚታየው ከተማ ነው።

የሁኔታን ችግር የአእምሮ ችግር አድርጎ መውሰድ እንዴት እንደሚያሳስት የሚያሳየው፣ በኢትዮጵያ ምድር የተሠራው ታዋቂ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የያን ዴሬጎቭስኪና የባልደረቦቹ ነው። በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት ሜኤኖች ሥዕል ያለበት ወረቀት ሲሰጣቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት፤ ባዕዱ ነገር ወረቀቱ ነበር። እንስሳት በጨርቅ ላይ ተስለው ሲቀርቡላቸው ግን አብዛኞቹ ለይተው አወቋቸው። ጨርቁ ባይመጣ ኖሮ ውጤቱ ሥዕል ማንበብ የማይችል ሕዝብ ተገኘ ተብሎ ይጻፍ ነበር።