ስሜን ስታዲየም አገኘሁት

ዛሬ የፍቅር ጣጣውን ትተን ኳስ ሜዳ ልወስዳችሁ ነው። "ኳስ ለኔ ምኔ ነው?" የምትሉም ገጹን አትግለጡት፤ ጉዳዩ የስም ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ጀርመን፣ ብሬመን ከተማ፣ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ምግብ ቤት ጓዳ ገብቼ ሳህን አጥባለሁ። ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ስሜን ሲጠይቀኝ "ረጅም ነው፣ ይከብድሃል፤ ጆ በለኝ" አልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ እኔው ነኝ ቆርጬ የጣልኩት። እየቆየ ጆ ለመደብኝ። እንዲያውም አንድ ቀን መንገድ ላይ ያገሬ ልጅ በእውነተኛ ስሜ ሲጠራኝ ዞር ሳልል አለፍኩ። ይሄም አለ እንግዲህ!

ብርዱ ሲጠና አንድ የሥራ ጓደኛዬ "ትርፍ ትኬት አለኝ" ብሎ ቬዘር ስታዲየም ወሰደኝ። ወንዝ ዳር ያለ፣ 42,000 ያህል ሰው የሚይዝ ሜዳ ነው። የኳሱ ትኬት ለትራሙም ያገለግላል። የገባነው ቆመው የሚያዩበት ቦታ ነው፤ የኛን ካታንጋ አስቡት፣ ብርድ ብቻ ጨምሩበት።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል አስተዋዋቂው የባለሜዳዎቹን የመጀመሪያ ስም ይጠራል፣ የቀረውን ሕዝቡ ይጨርሰዋል። "ቴዎዶር!" አለ። አጠገቤ ያሉት ፂማም ጀርመኖች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ "ገብረ ሥላሴ!" አይሉ መሰላችሁ! ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ቼክ ናቸው። ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሲሆን፣ ቬርደር ብሬመን ከ2012 እስከ 2021 ተጫውቷል። ያ ሁሉ ስም ጀርባው ላይ አንድ ፊደል ሳይጎድል ተጽፏል። እኔ ጆ አፈርኩ።

ጎል ሲገባ የመርከብ ጡሩምባ ተነፋ። የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ አቅፈው ከፍ አደረጉኝና ስሜን ጠየቁኝ። ሙሉውን ነገርኳቸው። ሊደግሙት ሞክረው ሰባበሩት፤ ግን ሞከሩ።

በማግስቱ አለቃዬን "ስሜ ጆ አይደለም" አልኩት። "ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?" አለኝ። አፉ እስኪፈታ ሁለት ሳምንት ፈጀበት፣ በቃ።

ሻንጣችሁን የምታሰናዱ እህት ወንድሞቼ፣ በሰው ሀገር ከቴሌቪዥን ጋር ብቻችሁን አትፋጠጡ። አንድ ቀን ስታዲየም ግቡ። መቆሚያው ከመቀመጫው ይረክሳል፣ ጓደኛ ማግኛም ነው። አደራ፣ ባለሜዳው ደጋፊ መሃል የእንግዳውን ቡድን ቀለም ለብሳችሁ እንዳትገቡ! ስማችሁን ደግሞ ሰው ሳይቆርጠው ራሳችሁ አትቁረጡት። ሰው ከፈለገ ምላሱን ያለማምዳል፤ መጀመሪያ ግን ንገሩት።

ሳምንት በደህና ያገናኘን።